ከጉና ራስ እስከ አባይ በረሃ

ከእስቴ ወደ ደቡብ፣ በአንዳቤት በኩል የሄደ መንገደኛ አንድ ቦታ ላይ ሜዳው ያልቅበታል። የታረሰው አገር በድንገት ይቋረጥና ገደል ይተካል። ከገደሉ ሥር አባይ ይወርዳል፤ ማዶ የሚታየው ጎጃም፣ የሞጣ አገር ነው። ዓይን በቅጽበት የሚሻገረውን እግር ሲወርደውና ሲወጣው ይውላል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ይህን ሸለቆ ሲያስብ ሙቀቱ፣ ወባውና አዞው ይታወሱታል። ለመዝናናት ወደዚያ መውረድ የሚለው ሐሳብ እንግዳ ሆኖ ቢሰማው አያስደንቅም።

ሆኖም ባለፉት 60 ዓመታት ከሩቅ አገር ጀልባ ተሸክመው የመጡ ሰዎች በዚሁ ሸለቆ አልፈዋል።

ባሕር ባላቸው አገሮች ወጣቶች ድንኳንና የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ መኪና ላይ ጭነው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሰው ወደማይበዛበት ጠረፍ ይሄዳሉ። ቀን በማዕበል ላይ ይንሸራተታሉ፤ ማታ እሳት ከበው ያድራሉ። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ማዕበል ግን የባሕር ብቻ አይደለም። ወንዝ በጠባብ ሸለቆ ሲወርድና ከሥሩ ያለውን ቋጥኝ ሲመታ፣ ውኃው እየፈሰሰ ማዕበሉ ግን ባለበት ይቆማል። በጀርመኗ ሙኒክ መሐል ከተማ፣ አይስባህ በሚባለው ቦይ ላይ ወጣቶች ለዓመታት ተራ ይዘው ሲንሸራተቱ የኖሩት እንዲህ ባለው ማዕበል ላይ ነው። በኡጋንዳ ጂንጃ ደግሞ ከነጭ አባይ ፏፏቴዎች በጎማ ጀልባ መውረድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ጥቁር አባይ በጉልበት ከዚያ አያንስም። ከጣና ሲወጣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የነበረው ወንዝ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል።

ለረጅም ጊዜ ይህን ወንዝ ለማጥናት የመጡ ሰዎች ከውኃው ይልቅ በቅሎ ይመርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን የሸለቆውን አፋፍ የተከተለው በየብስ ነው። ትልቁ የጀልባ ጉዞ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ 60 የሚጠጉ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችንና ሳይንቲስቶችን ይዞ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ ወረደ። ጉዞው በክረምቱ ሙላት ስለነበር በአየር የተነፉት የጎማ ጀልባዎች ተገልብጠዋል፣ ሽፍቶች ተኩሰውባቸዋል፤ አንድ ወታደርም ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞቷል። ዛሬ በመላው ዓለም ቱሪስት የሚሳፈርበት የጎማ ጀልባ ቀዘፋ ሲነሳ ይህ የአባይ ጉዞ ከፈር ቀዳጆቹ መካከል ይጠራል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሪቻርድ ባንግስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ኦሞን በጀልባ ወረደ። ጉዞው ሶቤክ የተባለ የአስጎብኝ ድርጅት ወለደ፤ ስሙን የወሰደው ከጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ቀዛፊዎች ከአባይ ምንጭ ተነስተው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በውኃ ዘለቁ።

ለእስቴና ለሞጣ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የተደረገው ጉዞ ነው። ጸሐፊዋ ቨርጂኒያ ሞረልና ፎቶ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር በዚያ ዓመት ከጣና ወደ ሱዳን በጀልባ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ ደረሱ። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚሄድም፣ ዘመድ የሚጠይቅም፣ በሽተኛ የሚያደርስም ሰው በሁለቱ ወገን የቆሙ ጎበዞች በሚጎትቱት ገመድ ተንጠልጥሎ ሲሻገር ኖረ። ዊር ይህን በፎቶ አነሳች፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔትም አወጣው። ፎቶውን ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ አላስችል አለውና ሰው አስተባብሮ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰበረውን መሐል በብረት ጠገኑት። ጥገናውን ጎርፍ ሲያበላሸው እ.ኤ.አ. በ2009 ተመልሰው ሙላት የማይደርስበት ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ። በዚያ ምክንያት የተቋቋመው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ለእግረኛ ድልድይ ሠርቷል። ለመዝናናትና ለማየት የተደረገ ጉዞ ለባለ አገሩ ምን ሊተርፍለት እንደሚችል ለሚጠይቅ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በኢትዮጵያ ማግኘት ያስቸግራል።

ወንዙ ራሱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውኃ ብዙው በዋሻ ወደ በለስ ተመለሰ፤ የጢስ አባይ ፏፏቴም በበጋ ሳሳ። ከታች ደግሞ የሕዳሴው ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ድንበሩ አካባቢ ያለውን ሸለቆ ሞልቶታል፤ የ1968ቱ ቀዛፊዎች የጨረሱት ጉዞ ዛሬ መጨረሻው ሐይቅ ላይ ነው። እስካሁን በራሱ ፍጥነት የሚወርደው አባይ ያለው ከጢስ አባይ በታች፣ በእስቴና በስማዳ ሥር፣ በሽሎ እስከሚቀላቀለውና ከዚያም አልፎ ባለው ሸለቆ ነው። ሀብቱ ያለው እዚህ ነውና ሊታወቅ ይገባዋል።

ከባሕር ዳር የሚነሱ ጓደኛሞች ይህን ሸለቆ ለማየት ጀልባ ላይ መውጣት አይጠበቅባቸውም። መኪናና ድንኳን ይበቃል። መንገዱ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ ክምር ድንጋይን ሲያልፍ ጉና ይመጣል። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና የርብና የጉማራ ምንጭ ነው፤ በአናቱ አስታና ጅብራ ይበቅላል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ነፋስ መውጫና ጨጨሆ ይከተላሉ። ይህን አቅጣጫ አፄ ቴዎድሮስ ያውቁት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነስተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ፣ መንገዱን ከሠራዊታቸው ጋር በገዛ እጃቸው እየጠረጉ፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት ወራት ፈጅቶባቸው ነው። ዛሬ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ የሚገነጠሉት ቅርንጫፎች ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ይወስዳሉ።

ታች ጋይንት ላይ ቤተልሔም ሳይታይ አይታለፍም። የድጓ ተማሪ ከየአገሩ ሊያስመሰክር የሚመጣበት ደብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ቶማስ ፓክነሃም የተባለ ወጣት በበቅሎ ደርሶ፣ ከውጭ የሣር ክዳን ክብ ቤት በሚመስለው ውስጥ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ለውጭው ዓለም ጽፏል።

ወቅቱን መምረጥ የጉዞው ግማሽ ነው። የአባይ ውኃ አብዛኛው የሚወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ስለሆነ ያን ጊዜ ሸለቆውን ከአፋፉ ማየት እንጂ መጠጋት አይገባም። ከኅዳር በኋላ መንገዱ ይደርቃል፣ ወንዙም ይጎድላል፤ አዞው ግን በበጋም አለ፤ ስለዚህ ዋና የሚፈቀደው የአካባቢው ሰው ባሳየው ቦታ ብቻ ነው። ቆላ የሚያድር ሰው አጎበር አይረሳ። ደጋው ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ አንድ ብቻ አይበቃም። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ቢሆን ከታሸገ ምግብ ይሻላል፤ አይበላሽም፣ ቆሻሻም አይተውም። ድንኳን ከመትከል በፊት የቀበሌውን አስተዳደርና የመሬቱን ባለቤት መጠየቅ ግድ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ሣር የአንድ ቤተሰብ የበጋ ግጦሽ ነው። በዚህ አገር እንግዳ ሜዳ ላይ ሲያድር ባለ አገሩ ዝም ብሎ አያየውም። «ቤት እያለ እንዴት ውጭ ታድራላችሁ?» የሚል አባወራ መምጣቱ አይቀርም። ግብዣውን መቀበል ድንኳን ውስጥ ከማደር የበለጠ ስለ ጋይንት ያስተምራል።

ይህ ሁሉ አሁን የሚሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የአካባቢውን ሰው ራሱን ከመንገድ አስቀርቶታል። ሰላም ሲመለስ ግን ዝግጅቱ ከዜሮ እንዳይጀመር አሁኑኑ ሊታሰብበት ይገባል። ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ለዓመታት በሴፍቲኔት እርዳታ የተደገፉ፣ ወጣቶቻቸው ሥራ ፍለጋ የሚሰደዱባቸው ወረዳዎች ናቸው። የአባይን መውረጃና መሻገሪያ በእግሩ የሚያውቀው ወጣት መንገድ መሪ ሆኖ ቢሠለጥን፣ ዋናና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ቢማር፣ በአፋፉ ላይ ማደሪያ ቦታው በቀበሌው ስም ቢከለልና ክፍያው ለወጣቶቹ ማኅበር ቢገባ፣ የሚቀጥለው ጀልባ ሲመጣ ቀዛፊው ከውጭ ብቻ አይሆንም። ለዚህ ሥልጠና የሚያስፈልገው ወንዝ እዚያው ከደጃፋቸው ሥር አለ፤ የጎደለው አሠልጣኝ፣ የደኅንነት ጃኬትና ጥቂት የጎማ ጀልባ ነው።