ለውሻና ለድመት ሐኪም ስለ መምረጥ

ውሻ ግቢ ይጠብቃል፤ ድመትም አይጥን ከጎተራ ታርቃለች። ሁለቱም ከቤተ ሰቡ ጋር ይውላሉ፤ ከትራፊው ይበላሉ፤ ልጆችም አቅፈዋቸው ይጫወታሉ። እንዲህ ተቀራርበን ስንኖር የእነርሱ በሽታ ወደ እኛ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ስለ ቤት ንጽሕና ስንጽፍ ስለ ውኃና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ብቻ ተናግረን አናቆምም። ለውሻውና ለድመቷ ደኅና ክሊኒክ አስቀድሞ መርጦ ማወቅም ልጆችን መጠበቅ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በሽታ

የዕብድ ውሻ በሽታ በታመመው እንስሳ ለሐጭ ውስጥ ይገኛል። ሲነክስ፣ ሲቧጭር ወይም ቁስል ሲልስ ወደ ሰው ይገባል። ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሽታው ከሚይዛቸው ሰዎች ከመቶ 99ኙ የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከሚሞቱትም ከ10 አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

በአገራችንም በሽታው አዲስ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብርቱ የውሻ እብደት ተነሥቶ እንደ ነበር ተጽፏል። ዛሬ በጉለሌ፣ ከዊንጌት ብዙ ሳይርቅ፣ ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ስሙ የፈረንሳዊው ሊቅ የሉዊ ፓስተር ነው፤ እርሱም በ1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1885) ዕብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ልጁ ተርፏል። በኢንስቲትዩቱ የዚህ በሽታ የላቦራቶሪ ምርመራ ይደረጋል። ጤነኛውን ውሻ በየጊዜው መከተብና ማከም ግን የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ ነው።

ክሊኒክ ስትመርጡ ምን ትጠይቃላችሁ?

በከተማ የመንግሥትም የግልም የእንስሳት ክሊኒክ አለ። በገጠር ብዙ ጊዜ የሚገኘው የወረዳው ወይም የቀበሌው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ነው። ይህም በአብዛኛው የሚያክመው ከብት ስለሆነ፣ ውሻውን ጎትታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት «የውሻ ክትባት አላችሁ ወይ? በየትኛው ቀን ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

1ኛ. የሚያክመው ማን ነው? በእንስሳት ሕክምና የተማረና የሥራ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም። በገበያ ቀን መርፌ በኪሱ ይዞ የሚዞረውን ሰው ርካሽ ነው ብላችሁ አትቀበሉት።

2ኛ. ክትባቱ በቅዝቃዜ ይቀመጣል ወይ? ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የዕብድ ውሻ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ መሆንም የለበትም። ሙቀት ያገኘው ክትባት ኃይሉን ያጣል፤ በዓይን ሲታይ ግን ከደኅናው አይለይም። ሐኪሙ ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ ወይም በረዶ ከያዘ ሣጥን ሲያወጣ በዓይናችሁ እዩ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግም ጠይቁት። ደኅና ሐኪም ስትጠይቁት አይቆጣም።

3ኛ. መርፌው ንጹሕ ነው ወይ? ለያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ወይም የተቀቀለ መርፌ ያስፈልጋል።

4ኛ. አስቀድሞ ይመረምራል ወይ? ሐኪሙ ዕድሜውን፣ አመጋገቡንና ጠባዩን መጠየቅ አለበት። ቡችላና የድመት ግልገል 3 ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ፤ የሚደገምበትን ቀን ሐኪሙ ይነግራችኋል።

5ኛ. ወረቀት ይሰጣል ወይ? በወረቀቱ ላይ የእንስሳው መልክ፣ የክትባቱ ስምና ቁጥር፣ ቀኑና ፊርማው ይጻፍ። ወረቀቱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት። ውሻው ሰው ቢነክስ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።

6ኛ. መንገዱና ዋጋው እንዴት ነው? በጣም የራቀ ክሊኒክ በየዓመቱ አይኬድም። ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ውሻ የሚበቃበት ጊዜ ስላለ፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ብትሄዱ ይጠቅማል። በአንድ ቀበሌ ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል።

ስትሄዱም ውሻውን ዐዋቂ ሰው በጠንካራ ገመድ ይያዘው፤ ድመቷን ክዳኑ በታሰረ ቅርጫት ውሰዷት። ለልጅ አትስጡ።

ስለ ትሉ ደግሞ

በክሊኒኩ ሳላችሁ የትል መድኃኒትም ጠይቁ። በውሻ አንጀት የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል አለ። ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ ወይም በምግብ ወደ ሰው ሆድ ይገባል፤ በጉበትና በሳንባም ውኃ የቋጠረ እብጠት ያበጃል። በግ ስታርዱ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ብታዩ ለውሻ አትወርውሩለት፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻ የነካ እጅም ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ውሻ ወይም ድመት ሰው ቢነክስ

የተነከሰውን ልጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ አትውሰዱት። መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ቡና፣ አመድ ወይም በርበሬ አትነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። መርፌው የሚሰጠው በተለያየ ቀን ስለሆነ አንዱንም ቀን አታስቀሩ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መርፌው ግን አይቅር፤ አይዘግይም።

የነከሰው ውሻ ወይም ድመት የሚያዝ ከሆነ አትግደሉት። ሰው በማይደርስበት ቦታ አስራችሁ ለመረጣችሁት የእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ እርሱም 10 ቀን ያየዋል። ቢሞት በባዶ እጅ አትንኩት፤ ለምርመራ የሚላከውን ሐኪሙ ያዘጋጃል። ውሻው እስኪታይ ተብሎ የልጁ መርፌ አይጠበቅም።

ለልጆቻችሁም «ውሻ ቢነክስህ፣ ድመት ብትቧጭርህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» በሏቸው። ብዙ ልጅ ቁጣ ፈርቶ ጭረቱን ይደብቃል፤ ያልታየ ጭረት ደግሞ አይታከምም።

ከአስኮና ከቡራዩ ወገን ወይም ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ዊንጌት የምትመጡ እናቶች፣ ለሌላ ጉዳይ በመጣችሁበት ቀን ክሊኒኩን ጠይቃችሁ እወቁ። በሌላ አውራጃ ያላችሁም የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ይህን ጽሑፍ ለማያነቡ ጎረቤቶቻችሁ እንድታነቡላቸው አደራ እንላለን።