ሞሐመድ አሚን እና የኮረም ምስሎች

መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር፣ ወሎ ውስጥ ኮረም ሜዳ ላይ ረሀብ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ሰፍረው ነበር። ደርግ ድግሱ በዚህ ወሬ እንዲደበዝዝ አልፈለገም። ወሬውን የዓለም ሁሉ ወሬ ያደረገው አንድ ኬንያዊ የካሜራ ሰው ነው፤ ሞሐመድ አሚን።

አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወልዶ ታንዛኒያ ውስጥ አደገ። ካሜራ የያዘው ገና ተማሪ ሳለ ነው። በ1963 ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን ዳሬሰላም ላይ አቋቋመ። በማግስቱ ዓመት የዛንዚባርን አብዮት ቀረጸ፤ በኋላም እዚያው ደሴት ላይ ታስሮ ተሰቃየ። በ1969 የኬንያው ፖለቲከኛ ቶም ምቦያ ናይሮቢ መሀል በጥይት ሲመታ ፈጥኖ ደርሶ ያነሳው ፊልም በእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ አሰኘው።

ተጓዥ የፎቶ ጋዜጠኛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰው ነው። ሩጫው ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ፈቃድ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ መመላለስ፣ መኪናና አውሮፕላን ለማግኘት ሰው መለማመጥ፣ ያነሱትን ሳይቀማ ከአገር ማውጣት፣ ሁሉም የእሱ ዕዳ ነው። የአሚን ጉልበት እዚህ ላይ ነበር። ብዙ ጋዜጠኛ ተከልክሎ በሚመለስበት ጊዜ እሱ ፈቃዱን አውጥቶ፣ የቢቢሲውን ማይክል በርክን ይዞ ኮረም ገባ።

የቀረጸው የማለዳውን ብርድ ነው። ጎህ ሲቀድ ጋቢና ቡትቶ ለብሰው መሬት ላይ የተኮለኮሉ ሰዎች፣ ሌሊቱን ያለፉ ሕፃናት፣ በጨርቅ ተጠቅልለው የተደረደሩ አስከሬኖች። ካሜራው አይጣደፍም፤ ፊት ላይ ይቆያል። እኔ ትልቁ ችሎታው ይሄ ትዕግሥት ይመስለኛል። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም ከ400 በላይ ጣቢያዎች አስተላለፉት። ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ያን አይቶ ነው ዘፋኞችን ያሰባሰበው፤ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርትም የመጣው ከዚሁ ነው። እርዳታው ዘግይቷል፤ ቢሆንም ብዙ ነፍስ አትርፏል።

ኢትዮጵያ ግን አሚንን ብዙ አስከፍላዋለች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ፤ ነዳጅ ጨርሶም ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ አሚን አንዱ ነበር።

እሱ የድርሻውን ሠርቶ አልፏል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሰዎች ዛሬም ስም አልተጻፈላቸውም። ኮረምን ያሳለፈ ዘመድ ያላችሁ፣ ምስሉን አሳዩትና የሚያውቀውን ሰው ስም ጻፉ።