«ሜይ ዌል» እና «ሜይ ፖሲብሊ»፡ ስለ እንግሊዝኛ ረዳት ግሶችና ተውሳከ ግሶች ጥምረት

የአንድ ጉድጓድ ውሃ ናሙና ተመርምሮ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ዘገባ እጃችን ገባ እንበል። ዘገባው ከሚከተሉት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አንዱን ይዟል፡- «ዘ ዋተር ሜይ ፖሲብሊ ቢ ኮንታሚኔትድ»፣ «ዘ ዋተር ሜይ ዌል ቢ ኮንታሚኔትድ»፣ «ዘ ዋተር ማስት ሹርሊ ቢ ኮንታሚኔትድ»። ሦስቱንም «ውሃው ተበክሎ ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚያልፍ አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጥርጣሬ፣ ሁለተኛው ብርቱ ግምት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከማስረጃ ተነሥቶ የተደረሰበት ድምዳሜ ነው። በመጀመሪያው ሰው ምርመራው እንዲደገም ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ውሃውን አፍልቶ ይጠጣል፤ በሦስተኛው ጉድጓዱን ይዘጋል። ልዩነቱ በአብዛኛው ያረፈው ተማሪው በንባብ ጊዜ ዘሏት በሚያልፋት ትንሽ ቃል ላይ ነው።

ችግሩ ከሰዋስው መጻሕፍት አደራደር ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት፣ ዊል» የተባሉት ረዳት ግሶች በአንድ ምዕራፍ ይጠናሉ፤ «ፖሲብሊ፣ ፕሮባብሊ፣ ሰርተንሊ» የመሳሰሉት ተውሳከ ግሶች ደግሞ በሌላ ምዕራፍ ይቀርባሉ። በዕለታዊው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ይውላሉ። ተውሳከ ግሱ አዘውትሮ የሚቀመጠው ከመጀመሪያው ረዳት ግስ ቀጥሎ ነው፤ «ዊል ፕሮባብሊ ካም» እንደሚባለው ማለት ነው። የተናጋሪውም እርግጠኝነት መጠን የሚታወቀው ሁለቱ በአንድነት ሲነበቡ ብቻ ነው።

የቋንቋ ሊቁ ማይክል ሃሊደይ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት ይህን ጉዳይ አንሥቷል። ረዳት ግሱና ተውሳከ ግሱ ተመጣጣኝ የእርግጠኝነት ደረጃ ሲኖራቸው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ ደረጃቸው ሲለያይ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ጆን ላየንስም እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመው «ሴማንቲክስ» በተሰኘው ሥራው የመጀመሪያውን ዓይነት ጥምረት «ሃርሞኒክ»፣ ማለትም የተስማማ ብሎታል። ሊዮ ሆይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዚሁ ለረዳት ግሶችና ለተውሳከ ግሶች ግንኙነት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥቷል።

የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ለወሰደ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለምሳሌ ያህል «ሜይ» 0.4፣ «ፖሲብሊ»ም 0.4 ዋጋ አላቸው ብለን ብናባዛቸው 0.16 እናገኛለን። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን እንዲህ አያሰላም። «ሜይ ፖሲብሊ» የሚለው አነጋገር ያንኑ አንድ ግምት ሁለት ጊዜ ይነግረናል እንጂ በግምት ላይ ግምት አይደርብም፤ የሚያጎላው የተናጋሪውን ጥንቃቄ ነው። እኛም «ምናልባት ይዘንብ ይሆናል» ስንል «ምናልባት»ንና «ይሆናል»ን አናባዛም። በአንጻሩ «ሜይ ሰርተንሊ» ሲባል ሁለቱ ቃላት በተለያየ ደረጃ ላይ ናቸው። እርግጠኝነቱ የነገሩን መሆን ሳይሆን ሊሆን መቻሉን ይመለከታል፤ «መቻሉንስ ይችላል፣ እርሱን አልክድም» እንደማለት ነው። «ሰርተንሊ» የሚለውን ቃል አይቶ ብቻ ነገሩ ተረጋግጧል ብሎ የሚጽፍ ሰው ደራሲው ያላለውን አስብሎታል።

ከሁሉ ይበልጥ አሳሳቹ «ዌል» ነው። ይህ ቃል «ደህና» ወይም «በሚገባ» ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «ኢት ሜይ ዌል ሬይን» ሲባል ግን ዝናቡ በሚገባ ይዘንባል ማለት አይደለም። «ዌል» የራሱን ፍቺ ጥሎ የ«ሜይ»ን ግምት ከ«ሊሆን ይችላል» ወደ «ሳይሆን አይቀርም» ያሸጋግረዋል። በዚህ ፍቺው ከ«ሜይ»፣ ከ«ማይት» እና ከ«ኩድ» ጋር እንጂ ከ«ማስት» ወይም ከ«ዊል» ጋር አይገጥምም፤ እነርሱ አስቀድመው ከፍ ካለው የእርግጠኝነት ደረጃ ላይ ስለተቀመጡ ማንሻ አያስፈልጋቸውም ማለት ይቻላል።

አሉታ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ለዘብተኛው «ፖሲብሊ» ከ«ካንት» ቀጥሎ ሲመጣ በሩን ጨርሶ ይዘጋል፤ «ካንት ፖሲብሊ ቢ ትሩ» ማለት «በምንም መንገድ እውነት ሊሆን አይችልም» ማለት ነው። ቦታ ለውጦ ከፊት ሲቀድም ደግሞ ወደ ለዘብተኛነቱ ይመለሳል፤ «ፖሲብሊ ሂ ካንት ካም» ሲባል «ምናልባት መምጣት አይችል ይሆናል» ነው። ቃላቱ ያው ሆነው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ሲለወጥ፣ ፍቺው ከፍጹም ክልከላ ወደ ተራ ጥርጣሬ ይወርዳል። በትሕትና ጥያቄ ውስጥ «ኩድ ዩ ፖሲብሊ» ሲባል ደግሞ ቃሉ ግምትን ትቶ ለአክብሮት ያገለግላል፤ «የሚቻልዎት ከሆነ» እንደምንለው ነው።

ተውሳከ ግሱ ስለ እርግጠኝነት ሳይሆን ስለ ድግግሞሽ የሚናገርበት ጊዜም አለ። አንድ መድኃኒት «ሜይ ሬርሊ ኮዝ» ተብሎ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲጠቀስ፣ ጸሐፊው ጉዳቱ መድረሱን ተጠራጥሮ አይደለም፤ ይደርሳል፣ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ነው ማለቱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት መግለጫዎች ውስጥ «ሬር» የሚለው ቃል ቁጥር ተወስኖለታል፤ መድኃኒቱን ከሚወስዱ 10,000 ሰዎች ቢያንስ በ1 ሰው፣ ነገር ግን ከ1,000 ሰዎች ከ1 ባነሰ ሰው ላይ የሚደርስ ማለት ነው። ይህን «ምናልባት» ብሎ መተርጎም የታወቀውን ጉዳት ወደ ወሬነት ያወርደዋል።

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናልም ለእርግጠኝነት ቃላት ቁጥር መድቧል። የምድር ሙቀት መጨመር ከሰው ልጅ ሥራ ጋር ስላለው ግንኙነት ሲናገር እ.ኤ.አ. በ2001 «ላይክሊ» አለ፤ በ2007 «ቬሪ ላይክሊ»፣ ማለትም ከ90 በመቶ በላይ፤ በ2013 «ኤክስትሪምሊ ላይክሊ»፣ ማለትም ቢያንስ 95 በመቶ። በ2021 ደግሞ የመጠን ቃላቱን ትቶ ነገሩ የማያሻማ መሆኑን አስታወቀ። ከ2001 እስከ 2013 የተሰበሰበው ማስረጃ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የታየው በአንድ ተውሳከ ግስ ለውጥ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ሁሉ መግለጫ አያንሰውም። እንግሊዝኛ ረዳት ግሱንና ተውሳከ ግሱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጥ፣ አማርኛ ግምቱን ከሁለት ጫፍ ይይዘዋል፤ «ምናልባት» ከፊት፣ «ይሆናል» ከኋላ፣ የተገመተው ነገር በመካከል። ስለዚህ አንባቢ «ምናልባት»ን ቢያመልጠው እንኳ መጨረሻው ላይ «ይሆናል» ይጠብቀዋል። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውም አነጋገር በሁለት አሉታ ብርቱ ግምትን ይገነባል፤ በእኔ አስተያየት ለ«ሜይ ዌል» ከዚህ የተሻለ አቻ የለም። እንግዲህ ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ምናልባት ውሃው ተበክሎ ይሆናል» ቢባል፣ ሁለተኛው «ውሃው ሳይበከል አልቀረም» ቢባል ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሦስተኛው ግን «ውሃው የተበከለ መሆን አለበት» ሲባል ትንሽ ያስቸግራል፤ «አለበት» እንደ «ማስት» ሁሉ ግዴታንም ድምዳሜንም ይገልጻልና። እንግሊዝኛው «ሹርሊ»ን በመጨመር ድምዳሜ መሆኑን ያመለክታል። እኛም «ያለ ጥርጥር» የሚል ቃል ካላስቀደምንለት፣ ውሃው እንዲበከል ያዘዝን ሊመስል ይችላል።