የተራራ የእግር መንገድ እንዴት ይጠበቃል?

መንገድ አንድ ጊዜ ከተቀየሰና ከተጠረገ በኋላ ለሁልጊዜ የሚኖር ይመስላል። ይሁን እንጂ በተራራ ላይ የሚያልፍ የእግር መንገድ ጠባቂ ካጣ ዕድሜው አጭር ነው። ጥቂት ክረምቶች ሲፈራረቁበት ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፤ ዛፍ እየወደቀ ይዘጋዋል። መንገደኛውም ምልክቱ ሲጠፋበት ከማያውቀው ጫካ ወይም ከገደል አፋፍ ይደርሳል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መንገድ ከመጥፋት የሚያድነው ምንድን ነው? በሚከተለው ጽሑፍ ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ ወስደን የጥበቃውን ሥራ በየተራ እናብራራለን። በምታነቡበት ጊዜ ምክንያትና ውጤት እንዴት እንደተያያዙ አስተውሉ።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የአፓላቺያን ተራሮች ሰንሰለት ይገኛል። ይህን ሰንሰለት ተከትሎ የሚሄደው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ስፕሪንገር ከተባለው ተራራ ተነሥቶ፣ በሜይን ክፍለ ግዛት ካታህዲን ከተባለው ተራራ ላይ ያበቃል። ዐሥራ አራት ክፍላተ ግዛት የሚያቋርጥ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ የተነሣ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይፈጅበታል።

የመንገዱን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1921 በጽሑፍ ያቀረበው ቤንተን ማካይ የተባለ የደን ባለሙያ ነበር። በ1925 ሥራውን የሚያስተባብር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1937ም መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገናኘ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1938 የተነሣው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በሰሜኑ ክፍል ዛፎችን ገንድሶ መንገዱን ዘጋው፤ በሌላ ስፍራ የመኪና መንገድ ሥራ ቆረጠው፤ ቀጥሎም የዓለም ጦርነት መጣ። መንገዱ እንደገና ሙሉ በሙሉ የተጋጠመው በ1951 ነው። ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው 16 ዓመት ሲፈጅ፣ የተቆረጠውን መልሶ ለመቀጠል 13 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው መጠበቅ ከመሥራት የማያንስ ድካም መሆኑን ነው።

በ1968 የወጣ ሕግ መንገዱን በአገር ደረጃ ጥበቃ እንዲደረግለት አድርጓል። ሆኖም የዕለት ተዕለት ጥገናው እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። ሠላሳ ያህል ማኅበራት መንገዱን ተከፋፍለው ይዘውታል። እያንዳንዱ ማኅበር ደግሞ ድርሻውን በጥቂት ኪሎ ሜትር እየቆራረጠ ለአባላቱ ያድላል። ስለሆነም እያንዳንዱ ቁራሽ መንገድ ተጠያቂ የሆነ ሰው አለው። ያ ሰው በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በመመላለስ የተበላሸውን ያያል፤ የሚችለውን ያበጃል፤ ከዐቅሙ በላይ የሆነውንም ለማኅበሩ ያስታውቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አነጋገር ይህን አሠራር በሚገባ ይገልጸዋል።

የመንገድ ቀንደኛ ጠላት ውሃ ነው። የእግረኛ ብዛት አፈሩን ስለሚጠቀጥቀው ዝናብ ወደ ውስጥ መስረግ ያቅተዋል። ከዚህም የተነሣ ውሃው መንገዱን እንደ ቦይ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ አፈሩንም እየጠረገ ሥሩንና ድንጋዩን ያገጠዋል። መንገደኛ ደግሞ ያገጠጠውን ሽሽት ወደ ዳር ወጣ እያለ ሲረግጥ ሣሩ ይሞታል፤ መንገዱም ይሰፋል። አንዱ ጉዳት ሌላውን እየወለደ በመጨረሻ ተራራው ጎን ላይ ሰፊ ቦረቦር ይቀራል።

ይህን ለመከላከል ሠራተኞቹ ውሃን አያግዱትም፤ አቅጣጫውን ያስቀይሩታል እንጂ። በመጀመሪያ የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ ወገን በመጠኑ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ቀጥሎም ግንድ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ በመንገዱ ላይ ሰያፍ ሆኖ ይቀበራል፤ የሚወርደው ውሃም ከዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይወጣል። መንገዱ ሽቅብ ቀጥ ብሎ እንዳይወጣም እየተጠማዘዘ እንዲሄድ ይቀየሳል። ነገር ግን የውሃው መውጫ በቅጠልና በደለል ከተደፈነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መውጫውን በዶማ መጥረግ ተራ ቢመስልም ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ ጥቅም የሚሰጥ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መጥረግና መቁረጥ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያድገው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ይመነጠራል፤ የወደቀ ግንድ ይቆረጣል። የተፈጥሮ ሁኔታቸው ሳይነካ እንዲቆዩ በሕግ በተከለሉ ደኖች ውስጥ በሞተር የሚሠራ መጋዝ ስለማይፈቀድ፣ ሁለት ሰዎች ወዲያና ወዲህ የሚስቡት ረጅም መጋዝ እስካሁን ይሠራበታል። ተጋድሞ የተወጠረ ግንድ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። በመሆኑም በፈቃዱ የመጣ ሰው ሁሉ መጋዝ አይሰጠውም፤ አስቀድሞ መሠልጠንና ብቃቱን ማስመስከር ይኖርበታል። በጎ ፈቃድ ዕውቀትን አይተካምና።

ሦስተኛው ሥራ ምልክት ማደስ ነው። በዛፍና በድንጋይ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ነጭ ቀለም ይቀባል። ሁለት ምልክት አንዱ ከሌላው በላይ ከታየ «ተጠንቀቅ፤ መንገዱ ሊታጠፍ ነው» ማለት ነው። በጉም ቀን የመንገደኛ ሕይወት በዚህች ትንሽ ቀለም ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

የዚህ ሥራ አስፈላጊነት ጎልቶ የታየው በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ የመንገዱን ደቡባዊ ክፍል በመታ ጊዜ ነው። ጎርፉ ድልድይ ወሰደ፤ ነፋሱ ቁጥር ስፍር የሌለው ዛፍ ጣለ። መንገዱን ለመክፈት በጎ ፈቃደኞች መጋዛቸውን ይዘው ለወራት ደክመዋል።

ይህ ሥራ በአገራችን ካለው ደቦ ጋር የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ነገር አለ። በደቦ ጊዜ የሥራው ባለቤት ይታወቃል፤ ምግቡንና መጠጡንም የሚያሰናዳው እርሱ ነው። በወንፈልም የዛሬው ተረጂ ነገ ብድሩን ይመልሳል። የተራራ መንገድ ጠጋኝ ግን የሚያገለግለውን መንገደኛ አያውቀውም፤ ምስጋናም ከእርሱ አይጠብቅም። መንገደኛውም ቢሆን ደረቅ መሬት እየረገጠ ሲያልፍ ውሃውን ማን እንዳስቀየሰለት አይጠይቅም። በሚገባ የተጠበቀ መንገድ ጠባቂውን አያሳይም፤ ጠባቂው መኖሩ የሚታወቀው የቀረ ዕለት ነው።

መልመጃ

1. ውሃ መንገድን የሚያበላሽበትን ሂደት ከመጀመሪያው ምክንያት እስከ መጨረሻው ውጤት በቅደም ተከተል ጻፉ።

2. «ይሁን እንጂ»፣ «ስለሆነም» እና «ከዚህም የተነሣ» የሚሉትን አያያዦች ከጽሑፉ አውጡ፤ በእያንዳንዳቸውም የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።

3. በአካባቢያችሁ ክረምት በገባ ቁጥር የሚበላሽ አንድ የእግር መንገድ ሄዳችሁ ተመልከቱ። የሚበላሽበትን ምክንያት፣ የሚያስከትለውን ችግርና ሊጠገን የሚችልበትን ዘዴ በሦስት አንቀጾች አብራርታችሁ ጻፉ።