ላሊበላው ስም ሲጠራ አእምሮ ምን ይሰማል?

ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑት ሰዎች «ላሊበላ» ወይም «ሐሚና» ይባላሉ፤ ስማቸውን ከላስታው ንጉሥና ከከተማው ጋር ይጋራሉ። ክራርም ማሲንቆም አይዙም። ባልና ሚስት ሆነው ሲወጡ አንዱ ግጥሙን ያወርዳል፣ ሌላው በዜማ ይቀበላል። ልመናውን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ቆይቷል።

ሥራቸው ግን ከዜማው በፊት ይጀምራል። ላሊበላው የቤቱን እመቤትና የልጆቿን ስም ከጎረቤት ይጠይቃል። ከዚያ ለምሳሌ «አስካለ» ብሎ ይጣራና ልጆቿን አንድ በአንድ እያነሣ ያወድሳታል። ከሰጠችው «ያሳድግልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ» እያለ ይመርቃል፤ ዝም ካለችው በሽሙጥ ወጋ ያደርጋታል።

አስካለ ተኝታ ሳለ ስሟን እንዴት ትለየዋለች? በ1960 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ተመራማሪዎች ለተኙ ሰዎች ብዙ ስሞችን ከቴፕ አሰሟቸው። የተኛው ሰው የአንጎል ሞገድ ለሌላው ስም ከሚሰጠው ይልቅ ለገዛ ስሙ ጎልቶ ምላሽ ሰጠ። በ1959 ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔቪል ሞሬይ ነቅተው የተቀመጡ ሰዎችን አንድ ጆሯቸው ላይ ብቻ እንዲያተኩሩ አድርጎ በሌላው ስማቸውን አሰማ፤ ሲሶ ያህሉ ሰሙት። ሌላው ንግግር አምልጧቸው ነበር። አእምሮ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ እንግዳውን ያቆማል፣ የቤቱን ሰው ግን ያሳልፋል።

ስሜት ያዘሉ ቃላትም እንዲሁ ቅድሚያ ያገኛሉ። ሰው «ሞት» ወይም «ልጄ» የሚለውን ሲያነብ በራስ ቅሉ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ከሚመዘግቡት ሞገድ ማየት እንደሚቻለው፣ አንጎል እንዲህ ያለውን ቃል እንደ «ወንበር» ካለው የሚለየው ከሴኮንድ ሩብ ገደማ ባልበለጠ ጊዜ ነው። በአንጎል የጎን ክፍል (ቴምፖራል ሎብ) ውስጥ የተደበቀችው አሚግዳላ በዚህ ትሳተፋለች፤ የማስታወስ ሥራንም ስለምታግዝ ስድብም ምርቃትም ከተራ ወሬ ይልቅ በልብ ይቀራል።

የቃሉ ኃይል ግን በድምፁ ውስጥ ብቻ አይደለም። በ2003 አሜሪካ የሚኖሩ የቱርክኛ ተናጋሪዎች በቱርክኛም በእንግሊዝኛም የልጅነት ተግሣጽ ሲሰሙ የጣታቸው ላብ ተለካ፤ በእንግሊዝኛ ከሰሙት ይልቅ በአፍ መፍቻቸው ሲሰሙት አብዝቶ አላባቸው። በእናት አፍ የተሰማ ቁጣ ከነፍርሃቱ የተቀመጠ ነውና።

የላሊበላውም ግጥም እንዲሁ ይሠራል። «ያሳድግልሽ» የሚለው ምርቃት የልጅ ጭንቀት የምታውቅ እናት ዘንድ ሲደርስ ልብ ይነካል፤ አማርኛ ለማያውቅ የቱሪስት ጆሮ ግን ዜማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ላሊበላ ድምፁን ከማሟሸቱ በፊት ጎረቤት ይጠይቃል።