«ድረሱ» እና «ሽሹ»

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ቤንች የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ከቡናው ጥላ ሥር፣ በእንሰቱና በጎዳሬው መካከል፣ ቁልቁለቱን ተደግፈው የተሠሩትን ቤቶች ሲመለከት የገነት አምሳል ያየ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን አገሩን ያለመለመው ያው ዝናብ ሳይታክት ሲወርድ፣ በጥልቁ አፈር ቅንጣቶች መካከል እየገባ ክብደቱን ይጨምራል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙበትንም ኃይል ያላላዋል። ናዳ ከመውረዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አለው፤ ከቤቱ በላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል፣ ዛፉ ይዘማል፣ ጥሩ የነበረው ምንጭ ይደፈርሳል፣ ትናንት የተዘጋው በር ዛሬ ከመቃኑ ጋር አልገጥምም ይላል።

ምልክቱን ማስተማር ቀላል ነው፤ የሚከብደው፣ ምልክቱን ያየው ሰው «ውጡ» ሲል መታመኑ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው፣ ሎጥ ስለ ሰዶም ጥፋት ለአማቾቹ በነገራቸው ጊዜ የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። የአማት ቃል እንኳ እንዲህ ከቀለለ፣ ትናንት በመኪና መጥቶ ዛሬ የሚመለስ፣ ያውም ቤንችኛ የማያውቅ ባለሙያ ቃሉ ምን ያህል ይከብድ ይሆን?

የሰውን ጠባይ በአደጋ ጊዜ የመረመሩ ሊቃውንት ደጋግመው እንዳዩት፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ተነሥቶ አይሄድም፤ አስቀድሞ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጓዙን የሸከፈ እንዳለ ይመለከታል፣ ሩቅ ላለ ዘመዱ ይደውላል። ይህን ግትርነት የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ተናጋሪውን መመዘን ነው። ችግኝ ተክሎ የመጀመሪያውን የቡና ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት የጠበቀ ገበሬ፣ ሲመለስ ማሳውን በሌላ ሰው እጅ እንዳያገኘው ማን ዋስ ሆኖት ይነሣ?

መታመን ብቻውንም አያድንም። በኮሎምቢያ የምትገኘው የአርሜሮ ከተማ በኅዳር 1978 ዓ.ም. ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ከተባለው እሳተ ገሞራ በወረደ የጭቃ ጎርፍ ከመዋጧ በፊት፣ ስጋቱን የሚያሳይ ካርታ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያች ዕለት ዐመድ ሲዘንብ ግን፣ ሕዝቡ የሚያምናቸው የሬዲዮና የቤተ ክርስቲያን ድምፆች ተረጋጉ አሉት፤ እርሱም ታዘዘ። በዚያ ጎርፍ 23,000 ያህል ሰው አለቀ።

የእኛው ሐዘን ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቀበሌ፣ የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ፤ ጎረቤት ሁሉ ወገኑን ሊያወጣ ተሰበሰበ፤ ሁለተኛው ናዳ የወረደውም በእነዚያ ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። ናዳ ሲወርድ የሚተወው ገደል ቀጥ ያለና ከሥሩ ደጋፊ የሌለው ስለሆነ፣ ቦታው ከቀድሞው ይልቅ የሚያሰጋው በዚያች ሰዓት ነው። በአገራችን ግን «ኡኡ» የሚለው ጩኸት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ድረሱ። እምነታችን ጠፍቶ ሳይሆን፣ እንዲያውም በዝቶ፣ ወደ አደጋው መራን።

በማዳን ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች ሌላ ሥርዐት አላቸው፤ ሌላው ሲቆፍር አንዱ አካፋ ሳይነካ ተራራውን ብቻ እየተመለከተ ይቆማል፣ እርሱ ሲጮኽም የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። በመንደር ለዚህ ሥራ ማን ይመረጥ ብባል፣ የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ እጠቁማለሁ፤ እርሱ በማለዳ ሲነፋ «እውነት ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁምና። የሚጎድለው ሁለተኛ ድምፅ ነው፤ አጭር፣ የተደጋገመ፣ «ሽሹ» ማለቱ በዕድርተኛው ዘንድ ስምምነት የተደረገበት፣ ክረምቱ ሳይገባም ከልጅ እስከ ሽማግሌ የሰማውና ሮጦ የተለማመደው።