የካርቶን ወይን ስትገዙ
«የካርቶን ወይን ራስ ያሳምማል» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው ካርቶኑ ሳይሆን የጠጡት መጠን ነው። ባለ 3 ሊትሩ 4 መደበኛ ጠርሙስ ስለሚሆን ዋጋውን ለ4 አካፍላችሁ ከጠርሙሱ ጋር አስተያዩ። ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ወይኑ በተቀዳ ቁጥር እየተኮማተረ ስለሚሄድ አየር ብዙም አይገባበትም። የተከፈተ ጠርሙስ በጥቂት ቀናት ጣዕሙን ሲያጣ፣ ይሄኛው ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ለሚበቃው ሰው ሁነኛ ነው።

ግን ለዓመታት የሚቀመጥ አይደለም! ፕላስቲኩ ሳይከፈትም ቀስ እያለ አየር ስለሚያሳልፍ ካርቶኑ ላይ የታሸገበትን ወይም የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። የወይኑ ዘርና አገሩ ያልተጻፈበትን እኔ አልገዛም። ቀዩንም ከከፈታችሁ በኋላ ፍሪጅ አስገቡት፤ ከመጠጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ቅዱት።